ልማድ ሕግ ሲመስል፤ የሁለት ወንድማማቾች የኳስ ምት ታሪክ

በማናቸውም ሥራ ውስጥ ሁለት ገዢዎች አሉ፤ አንደኛው ሕግ፣ ሁለተኛው ልማድ ነው። ሕግ በጽሑፍ ስለሚገኝ ማንም ሰው አንብቦ ሊረዳው ይችላል። ልማድ ግን በጽሑፍ ስለማይገኝ ከየት እንደ መጣና ስለ ምን እንደ ቆመ ጠያቂ የለውም። ከዘመን ብዛት የተነሣ ልማድ የሕግን ካባ ለብሶ ይቀመጣል፤ ከእርሱ የወጣ ሰውም ሕግ እንዳፈረሰ ተቈጥሮ ይታያል። ዛሬ በዚህ ዐምድ የምናቀርበው ታሪክ ይህን ነገር በኳስ ሜዳ ላይ የሚያስረዳ ነው። ባለ ታሪኮቹ ከሀንጋሪ ተሰደው በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሩት፣ በኳስ ምትም ክብረ ወሰን ያስመዘገቡት ፒት ጎጎላክና ቻርሊ ጎጎላክ የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው። በጽሑፋችን ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስለ ጨዋታው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በእኛ አገር እግር ኳስ የምንለው ጨዋታና አሜሪካውያን በዚሁ ስም የሚጠሩት ጨዋታ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። የአሜሪካው ኳስ ክብ ሳይሆን ሁለት ጫፉ የሾለ ሞላላ ነው፤ ተጫዋቾቹም አብዛኛውን ጊዜ በእጃቸው ይዘውት ይሮጣሉ፣ ወይም ይወራወሩታል እንጂ በእግራቸው አይመቱትም። በየወገኑ 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ሜዳው ከአንዱ የግብ መስመር እስከ ሌላው 100 ያርድ ይረዝማል፤ ያርድ የሚባለው መለኪያ ከአንድ ሜትር ጥቂት የሚያንስ ነው። ኳስ የያዘው ወገን በ4 ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ ወደ ፊት መግፋት አለበት። ኳሱን ይዞ የተቃራኒውን የግብ መስመር ያለፈ ቡድን 6 ነጥብ ያገኛል፤ ከዚያም ኳሱን በእግር መትቶ 1 ነጥብ ሊጨምር ይችላል። ወደ መስመሩ መድረስ ያቃተው እንደ ሆነ ደግሞ ኳሱን ከሩቅ በእግር መትቶ በሁለቱ የግብ ቋሚዎች መካከል፣ ከአግዳሚውም በላይ ቢያሳልፈው 3 ነጥብ ይቈጠርለታል። አግዳሚው ከመሬት 3 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። ይህን ምት የሚመታውን ተጫዋች በጽሑፋችን ውስጥ «መቺ» እያልን እንጠራዋለን።

የመቺው ሥራ ለተመልካች ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሦስት ሰዎች እንደ አንድ ሰው ሆነው ካልሠሩት አይፈጸምም። አንደኛው ተጫዋች ጐንበስ ብሎ ኳሱን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ይወረውራል። ሁለተኛው 7 ያርድ ያህል ወደ ኋላ ርቆ ተንበርክኮ ይቀበለውና በመሬት ላይ ያቆመዋል። ሦስተኛው፣ ማለት መቺው፣ ሮጦ ይመታዋል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከአንድ ሰኮንድ ተኩል ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ለእነዚህ ሦስት ሰዎች የተነገረ ይመስላል። ሆኖም ኳሱ ከግቡ ውጭ በሄደ ጊዜ ተመልካቹ የሚወቅሰው ሦስቱን ሳይሆን መቺውን ብቻ ነው። ጓደኞቹ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ሲታገሉ፣ እርሱ በሜዳው ዳር ቆሞ ይውልና ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ይጠራል፤ የጨዋታው ዕድል ግን ብዙ ጊዜ በእነዚያ ሁለት ወይም ሦስት ምቶች ላይ የተንጠለጠለ ነው።

እስከ 1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ድረስ በአሜሪካ መቺ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚመታው በአንድ ዓይነት መንገድ ነበር። ከኳሱ በስተ ኋላ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቀጥ ብሎ ይሮጣል፤ ኳሱንም በእግሩ ጣቶች ጫፍ ይመታዋል። ለዚህም ተብሎ አፍንጫው እንደ ሣጥን ጠፍጣፋ የሆነ ጫማ ይሠራለት ነበር። አሠልጣኞች የተማሩት ይህንኑ ነበር፤ የሚያስተምሩትም ይህንኑ ነበር። ይሁን እንጂ የጨዋታውን የሕግ መጽሐፍ ገልጦ የሚመለከት ሰው መቺው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፣ ወይም በጣቱ ጫፍ መምታት አለበት የሚል አንቀጽ አያገኝም ነበር። ይህ ልማድ ነበር እንጂ ሕግ አልነበረም።

አሁን ወደ ወንድማማቾቹ እንመለስ። ፒት በ1942 በቡዳፔስት ከተማ፣ ቻርሊ በ1944 በዚያው በሀንጋሪ ተወለዱ። አባታቸው ሐኪም ነበሩ። ልጆቹም እንደ አገራቸው ልጆች ሁሉ ያደጉት ክቡን ኳስ እየመቱ ነበር። በ1956 የሀንጋሪ ሕዝብ በመንግሥቱ ላይ በተነሣ ጊዜ የሶቪየት ታንኮች ወደ ቡዳፔስት ገብተው አመፁን ደመሰሱት። ያን ጊዜ 200,000 የሚያህል ሕዝብ አገሩን ጥሎ ተሰደደ፤ የጎጎላክ ቤተ ሰብም ድንበሩን ተሻግሮ ኦስትሪያ ከገቡት አንዱ ነበር። ፒት ያን ጊዜ የ14 ዓመት፣ ቻርሊ የ11 ዓመት ልጅ ነበረ። ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻገሩና በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ሰሜን፣ ከካናዳ ድንበር አጠገብ በሴይንት ሎውረንስ ወንዝ ዳር በምትገኘው ኦግደንስበርግ በተባለች ትንሽ ከተማ ተቀመጡ።

ፒት በገባበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክቡን ኳስ የሚጫወት ቡድን አልነበረም። ስለዚህ የአገሩን ልጆች ተከትሎ ወደ ሞላላው ኳስ ሄደ። በልምምድ ጊዜ ኳስ እንዲመታ በታዘዘ ጊዜ ግን ከኳሱ በስተ ኋላ ቀጥ ብሎ እንደ መቆም ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ቆመ። ፒት ራሱ ኋላ እንደ ተናገረው፣ ኳሱን የሚያቆምለት ልጅ ይህን ባየ ጊዜ ኳሱን ትቶ እኔን ሊመታ ነው ብሎ ደነገጠ። የልጁ ድንጋጤ የሚያስቅ ቢሆንም ትርጕም አለው። ልጁ እስከዚያ ቀን ድረስ በጎን መጥቶ ኳስ የሚመታ ሰው አይቶ አያውቅም፤ ሰው ደግሞ አይቶ የማያውቀውን ነገር ስሕተት ነው ብሎ ለመፍረድ ይቸኵላል።

ለእኛ አንባቢዎች ግን የፒት አመታት አዲስ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ከተማ በየመንደሩ ኳስ የሚጫወት ማንኛውም ልጅ የሚመታው እንዲሁ ነው። ወደ ኳሱ በጎን ይመጣል፤ አንደኛውን እግሩን ከኳሱ አጠገብ ይተክላል፤ በሌላው እግሩም የጫማ ማሰሪያ በሚታሰርበት በላይኛው ገጽ ይመታዋል። ይህ አመታት ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ መቺው በጎን ሲመጣ ዳሌው ጭምር ስለሚዞር እግሩ የሚሄድበት መንገድ ይረዝማል፤ መንገዱ ሲረዝም ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ ሲጨምርም ኳሱ ይርቃል። ሁለተኛ፣ የጣት ጫፍ ጠባብ ስለ ሆነ በጥቂት ቢስት ኳሱ ከመንገዱ ይወጣል፤ የእግር ገጽ ግን ሰፊ ስለ ሆነ ጥቂት ስሕተት ብዙ አይጐዳውም። ፒት ይህን ከመጽሐፍ አልተማረውም፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እግሩ ያውቀው ነበር።

ፒት ከዚያ በኋላ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከ1961 እስከ 1963 ለዋናው ቡድን ተጫወተ። በዚያም 44 ተጨማሪ ነጥቦችን በተከታታይ አንድም ሳይስት አስቈጥሮ የታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎችን ክብረ ወሰን ያዘ። እዚህ ላይ እውነቱን ለመናገር፣ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በጎን የመታ የመጀመሪያው ሰው ፒት ነው ማለት አይቻልም። ፍሬድ ቤድናርስኪ የተባለ በፖላንድ የተወለደ ወጣት በ1957 ለቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት በዚሁ ዓይነት መትቶ 3 ነጥብ አስቈጥሮ ነበር። ነገር ግን አንድ ጊዜ የታየ ነገር ይረሳል፤ ዓመት ከዓመት ያለ ማቋረጥ የታየ ነገር ግን ሰውን ያሳምናል። የፒት ድርሻ ይህ ነበር። ከአሠልጣኞች ጋር ሲከራከር አልዋለም፤ መታ፤ ኳሱም ገባ።

ኳሱ ቢገባም ልማድ ቶሎ እጁን አልሰጠም። በአሜሪካ በክፍያ የሚጫወቱ ቡድኖች በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ የሚመረቁትን ተጫዋቾች በየተራ የሚመርጡበት ሥርዓት አለ። በዚያን ጊዜ ቡድኖቹ በሁለት ተፎካካሪ ሊጎች ተከፍለው ነበር። በ1964 ከታላቁና ከቈየው ከብሔራዊው ሊግ ፒትን የመረጠ አንድ ቡድን እንኳ አልተገኘም። በአዲሱ ሊግ ውስጥ የነበረው የባፋሎ ከተማ ቡድን ግን በ12ኛው ዙር መረጠው። ባፋሎ በ1964ና በ1965 በተከታታይ የሊጉን ዋንጫ ወሰደ፤ ፒትም የቡድኑ መቺ ነበር።

በ1966 ደግሞ የፒት ስም ከምት ወጥቶ በሌላ ታላቅ ነገር ውስጥ ገባ። ሁለቱ ሊጎች አንዱ የሌላውን ተጫዋች ላይወስድ ያልተጻፈ ስምምነት ነበራቸው። የፒት ውል ግን አልቆ ነበር፤ በሕግ ነፃ ሰው ነበር። በግንቦት ወር የኒውዮርክ ጃያንትስ ቡድን ያልተጻፈውን ስምምነት ጥሶ አስፈረመው። ከዚያ ወዲያ የአዲሱ ሊግ ቡድኖች በበኩላቸው የብሔራዊውን ሊግ ተጫዋቾች በብዙ ገንዘብ ለመውሰድ ተነሡ። ወጪው ሁለቱንም ስላስፈራቸው ቀድሞ የተጀመረው የመዋሐድ ንግግር ተፋጠነ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ 8 ቀንም ሁለቱ ሊጎች አንድ ለመሆን መስማማታቸውን ለሕዝብ አስታወቁ። በ12ኛው ዙር የተመረጠው ስደተኛ ሁለት ጊዜ ልማድን ከሕግ ለይቶ አሳየ፤ አንድ ጊዜ በእግሩ፣ አንድ ጊዜ በፊርማው። ለኒውዮርክም እስከ 1974 ድረስ ተጫውቶ 646 ነጥብ አስቈጥሯል።

ታናሹ ቻርሊ የታላቁን ፈለግ ተከትሎ መቺ ሆነ፤ የገባው ግን ወደ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ነበር። ከ1963 እስከ 1965 በተጫወተበት ጊዜ ስሙ ከወንድሙ ስም በላይ ገነነ። በ1964 ፕሪንስተን የተጫወተውን 9 ጨዋታ በሙሉ አሸነፈ። በ1965 ቻርሊ ከሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ አንድ ጨዋታ ብቻ 6 ጊዜ ከሩቅ መትቶ 18 ነጥብ አስቈጠረ። ይህም በዚያ ጊዜ የዩኒቨርሲቲዎች ክብረ ወሰን ነበር። በእርግጥ ዘመኑም ረድቶታል። የዩኒቨርሲቲዎቹ ሕግ አውጪዎች በ1959 የግቡን ስፋት ከ5 ሜትር ከ64 ሳንቲ ሜትር ወደ 7 ሜትር ከ11 ሳንቲ ሜትር አስፍተውት ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽም ተጫዋችን በነፃነት መለዋወጥ ስለ ተፈቀደ፣ ለምት ብቻ የተዘጋጀ ሰው በቡድን ውስጥ ስፍራ አገኘ። ዕድሉ ግን ለሁሉም እኩል የተሰጠ ነበር፤ ከሌሎቹ ይልቅ የተጠቀመበት ቻርሊ ነው።

በዚያው ዓመት አንድ እንግዳ ነገር ተደረገ። ኮርኔል፣ ማለት ታላቅ ወንድሙ የተማረበት ዩኒቨርሲቲ፣ ቻርሊን ለማቆም ዘዴ ፈለገ። ቻርሊ ሊመታ በተዘጋጀ ጊዜ ከኮርኔል ተጫዋቾች አንዳንዶቹ በጓደኞቻቸው ትከሻ ላይ ወጥተው እንደ ግንብ ቆሙ፤ አሳባቸውም ኳሱን በአየር ላይ ለመመለስ ነበር። ዘዴው አልያዘላቸውም። የዩኒቨርሲቲዎቹ ሕግ አውጪዎችም በሰው ትከሻ ላይ ቆሞ ምትን መከላከልን በሕግ ከለከሉ።

አንባቢዎቻችን በዚህ ነገር ላይ ጥቂት እንዲያስቡ እንጠይቃለን። በአንድ ሜዳ ሁለት አዲስ ነገሮች ታዩ፤ አንደኛው በጎን መምታት፣ ሁለተኛው በትከሻ ላይ መውጣት ነው። ሁለቱም ከልማድ የወጡ ነበሩ። ሕግ አውጪዎቹ ግን አንደኛውን ሳይነኩ ሁለተኛውን ከለከሉ። ምክንያቱ ምንድር ነው? እኛ እንደምንረዳው፣ በጎን የሚመታ ሰው ጨዋታው የሚጠይቀውን ሥራ ከቀድሞው አብልጦ ሠራ እንጂ የጨዋታውን መልክ አልለወጠም። በሰው ትከሻ ላይ የሚወጣ ግን ራሱንና የተሸከመውን ጓደኛውን ለአደጋ ያጋልጣል፤ ውድድሩንም ከችሎታ ወደ ቍመት ይለውጠዋል። እንግዲህ አዲስ ነገር ሁሉ መልካም አይደለም፤ አዲስ ነገር ሁሉም ክፉ አይደለም። የሚለየው ሥራውን ማሻሻሉ ወይም ማበላሸቱ ተመርምሮ ነው። ምርመራው ካለቀ በኋላም መከልከል የሚገባው ነገር በግልጽ ሕግ ይከለከላል እንጂ በፊት መከስከስና በሹክሹክታ አይከለከልም።

በ1966 ምርጫ በደረሰ ጊዜ የዋሽንግተን ቡድን ቻርሊን በመጀመሪያው ዙር በ6ኛ ተራ መረጠው። ከእርሱ በፊት በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ መቺ አልነበረም። ታላቁ በ12ኛው፣ ታናሹ በመጀመሪያው ዙር ተመረጡ፤ በመካከሉ ያለፉት ግን ሁለት ዓመታት ብቻ ነበሩ። በሁለቱ ዓመታት ውስጥ የተለወጠው የወንድማማቾቹ እግር ሳይሆን የተመልካቾቹ ዓይን ነው።

በዚያው ዓመት ኅዳር 27 ቀን ዋሽንግተንና ኒውዮርክ ሲጋጠሙ ሁለቱ ወንድማማቾች በተቃራኒ ወገን ተሰለፉ። በዚያ ቀን ሁለቱ በመካከላቸው 14 ተጨማሪ ነጥቦችን አስቈጠሩ፤ 9ኙ የቻርሊ፣ 5ቱ የፒት ነበሩ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሰኮንዶች ሲቀሩት ዋሽንግተን 69 ለ41 ይመራ ነበር፤ ማሸነፉን የሚጠራጠር ማንም አልነበረም። ሆኖም ቻርሊ ተጠርቶ አንድ ጊዜ እንዲመታ ታዘዘ፤ እርሱም መትቶ 3 ነጥብ ጨመረ። ውጤቱም 72 ለ41 ሆነ፤ የሁለቱ ቡድን ነጥብ ሲደመር 113 መሆኑ ነው። በወደቀ ወገን ላይ 3 ነጥብ መጨመር ያስፈልግ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል። ቻርሊ ግን የታዘዘውን ሥራ ፈጸመ፤ በማዶ ቆሞ ይመለከት የነበረውም የገዛ ወንድሙ ነበር። ቻርሊ በዋሽንግተን እስከ 1968፣ ኋላም ከ1970 እስከ 1972 በቦስተን አካባቢ በነበረው ቡድን ተጫውቶ ሥራውን ፈጸመ።

«ክብረ ወሰን» የሚለውን ቃል አማርኛ የሚማሩ አንባቢዎቻችን ልብ ብለው ይመልከቱት። ክብርና ወሰን ከተባሉ ከሁለት ቃላት የተሠራ ነው፤ ወሰን ደግሞ ድንበር ማለት ነው። ድንበር የሚተከለው አንዱ እዚህ ደርሷል ለማለት ነው፤ ነገ ሌላው ይሻገረዋል። የቻርሊ 6 ምትም እንዲሁ ሆነ። በ1984 የምዕራብ ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲው ማይክ ፕሪንድል፣ በ1985 የኔብራስካው ዴል ክላይን በአንድ ጨዋታ 7 ጊዜ አስቈጠሩ። ወሰኑ ታለፈ፤ አመታቱ ግን ቀረ። ቀጥ ብለው በጣት ጫፍ የሚመቱት መቺዎች ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሱ ሄዱ። ከታላላቆቹ የመጨረሻው የዋሽንግተኑ ማርክ ሞዝሊ ነበር። እርሱም በ1982 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ፤ በ1986 ከጨዋታ ወጣ። ይህም የሚያሳየን የቀድሞው አመታት በራሱ የተናቀ እንዳልነበረና በሚገባ የሠራበት ሰው እስከ መጨረሻው ድረስ እንደ ከበረበት ነው።

በ1960ዎቹ ዓመታት በክፍያ የሚጫወቱት ቡድኖች ከሩቅ ከመቷቸው ኳሶች ግብ የገቡት ከግማሽ ጥቂት የሚበልጡት ብቻ ነበሩ፤ በዘመናችን ግን ከ100 ምት ከ80 በላይ ይገባሉ። ይህን ሁሉ ለአንድ ቤተ ሰብ መስጠት አይገባም። ሜዳው ተሻሽሏል፤ ኳስ የሚወረውረውና የሚያቆመው ሰው ለዚህ ብቻ ይሠለጥናል፤ መቺውም ዓመቱን ሙሉ ሌላ ሥራ የለውም። በ1991 የዩኒቨርሲቲዎቹ ግብ እንደገና ወደ ቀድሞው ስፋቱ ጠብቧል፤ መቺዎቹ ግን አልተሰናከሉም። ይህም ሆኖ ሁሉም ዛሬ የሚመቱት ከሀንጋሪ የመጣው ልጅ ባሳየው ዓይነት ነው።

«ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ» የሚል የቈየ ተረት አለን። ተረቱ እውነት አለው፤ የአንድ አገር ነገር ለአገሩ ሰው ይመቻልና። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ የውጭ በሬ የአገሩ በሬ ያላየውን ሠርዶ ያገኛል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚባለውን ተረት ደግሞ ሁለቱም ወገኖች አንዱ በሌላው ላይ ሊተርቱት ይችሉ ነበር፤ አሠልጣኞቹ በጎጎላክ ላይ፣ ጎጎላክም በአሠልጣኞቹ ላይ። በመካከላቸው የፈረደው ተረት አልነበረም፤ በቋሚዎቹ መካከል ያለፈው ኳስ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለመሥሪያ ቤት ሰው የሚሆን ትምህርት እናገኛለን። ጎጎላክ የጨዋታውን ሕግ አንድም ሳያስቀር ጠበቀ፤ ኳሱን ከተፈቀደው ስፍራ፣ በተፈቀደው ጊዜ መታ። የተወው ልማዱን ብቻ ነበር። አዲስ ሠራተኛ ወደ ቢሮ ገብቶ መዝገብ በሌላ ዓይነት ሲያደራጅ፣ ወይም ደብዳቤ በሌላ አቀራረብ ሲጽፍ ስናይ ኳሱን እንዳቆመው ልጅ ከመደንገጣችን በፊት ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ይገባናል። ይህ ሰው የተላለፈው ሕግ ነው ወይስ ልማድ? ልማድ ከሆነስ ሥራው ተሻሻለ ወይስ ተበላሸ? ቋንቋ የሚማር ሰውም ነገሩ እንደዚሁ ነው። የሰዋስውን ሕግ መጠበቅ አለበት፤ ከተወለደበት ቋንቋ ይዞት የመጣውን ድምፅና አነጋገር ግን ማንም እንደ ጥፋት ሊቈጥርበት አይገባም።

በመጨረሻ ማስገንዘብ የምንወደው አንድ ነገር አለ። በጎን መምታት ራሱ አሁን ልማድ ሆኗል። ዛሬ ቀጥ ብሎ በጣቱ ጫፍ የሚመታ ልጅ ቢመጣ ኳሱን የሚያቆምለት ሰው ሳይስቅበት አይቀርም። ስለዚህ ከልማድ ጋር የታገለ ሰው ባሸነፈ ማግሥት የራሱን ልማድ ሕግ እንዳያደርገው መጠንቀቅ አለበት። የሕግ መጽሐፉ እንደ ቀድሞው መቺው እንዴት ይቁም፣ በየትኛውስ የእግሩ ክፍል ይምታ ሳይል፣ ቦታውን ክፍት አድርጎ ይጠብቃል።